ለአይአርኤስ የጻፉት ቼክ ሲመለስ፦ ከባንኩ እስከ ቅጣት ማስነሻው ማመልከቻ

አሜሪካ ውስጥ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ለአይአርኤስ፣ የላኩት ቼክ ስንቅ አጥቶ፣ ማለትም በሒሳብዎ በቂ ገንዘብ ሳይገኝ፣ ከተመለሰ ደብዳቤ እስኪደርስዎ አይጠብቁ። ባንኩ ቼኩን ከመለሰበት ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ፖስታ ሣጥንዎ እስኪገባ ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በእነዚያ ሳምንታት ወለዱ በየቀኑ ይቆጥራል። ብዙ ሰው በቼኩ ቅጣት ይበሳጫል፤ ኪሱን የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥበቃው ነው። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተልም ከዚሁ ይነሳል፦ መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ፍርሃት አስቀድሞ ቢነሳ ይሻላል። በኢትዮጵያ ሕግ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ሰው ቼኩ መመለሱን ሲሰማ ፖሊስ የሚመጣበት ይመስለዋል። ሒሳቡን አሳስቶ ወይም ያስገባው ገንዘብ ዘግይቶበት ቼኩ የተመለሰበት ግብር ከፋይ በአይአርኤስ በኩል የሚገጥመው የገንዘብ ቅጣትና ወለድ ነው። የተዘጋ ሒሳብ መሆኑን እያወቁ ለማታለል ቼክ መጻፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከገቡ ይህን ማንበብዎን አቁመው ጠበቃ ያነጋግሩ።

ዕዳው ከየት ከየት ይመጣል?

ቼክዎ ሲመለስ በሕጉ ዓይን ምንም እንዳልከፈሉ ይቆጠራሉ። ፖስታው ኤፕሪል 15 ማኅተም ተመትቶበት በጊዜው መላኩ የክፍያውን ቀን አያድነውም፤ የክፍያዎ ቀን የሚሆነው ገንዘቡ በእርግጥ የተከፈለበት ቀን ነው። ከዚህ በኋላ ሦስት የተለያዩ ሒሳቦች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ኋላ ቅጣት ይነሳልኝ ሲሉ ይጠቅምዎታል።

የመጀመሪያው የተመለሰ ክፍያ ቅጣት ነው። የክፍያው መጠን 1,250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቅጣቱ የክፍያው 2 በመቶ ነው። ከ1,250 ዶላር በታች ከሆነ 25 ዶላር ነው፤ ክፍያው ራሱ ከ25 ዶላር ካነሰ ደግሞ ቅጣቱ ከክፍያው መጠን አይበልጥም። የ18 ዶላር ቼክ ቢመለስ ቅጣቱ 18 ዶላር ነው ማለት ነው። የ1,250 ዶላር 2 በመቶ ልክ 25 ዶላር ስለሚመጣ ሁለቱ ስሌቶች እዚያ ላይ ይገናኛሉ። ቅጣቱ ለወረቀት ቼክ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ከባንክ ሒሳብ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የታዘዘ ክፍያ ገንዘብ አጥቶ ሲመለስም ይሠራል። በእያንዳንዱ የተመለሰ ክፍያ ላይ ለየብቻ ይጣላል።

ሁለተኛው ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት ነው። ለእያንዳንዱ ወር ወይም የወር ክፋይ ካልተከፈለው ግብር 0.5 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 25 በመቶ ነው። አንድ ቀን ያለፈበት ወር እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል።

ሦስተኛው ወለድ ነው። መጠኑ የፌዴራል የአጭር ጊዜ ወለድ ላይ 3 በመቶ ተጨምሮበት በየሩብ ዓመቱ ይወሰናል፤ በየቀኑም በራሱ ላይ እየተደመረ ይሄዳል። ለግለሰቦች በ2024 ዓመቱን ሙሉ 8 በመቶ ነበር፤ በ2025 ደግሞ 7 በመቶ።

በቁጥር እንየው። የ4,200 ዶላር ቼክ ኤፕሪል 15 ተልኮ ተመለሰ እንበል፤ ወለዱን 7 በመቶ አድርገን እንውሰድ። የቼኩ ቅጣት 84 ዶላር ነው። ግለሰቡ ሜይ 6 ላይ ድጋሚ ቢከፍል ዘግይቶ የመክፈል ቅጣቱ የአንድ ወር፣ ማለትም 21 ዶላር ነው፤ የ21 ቀን ወለዱ ደግሞ 17 ዶላር ገደማ። ያው ሰው ደብዳቤ ሲጠብቅ፣ ከዚያም ሲናደድ፣ ከዚያም ሲዘነጋ ሴፕቴምበር 1 ቢደርስ የቼኩ ቅጣት ያው 84 ነው። ዘግይቶ የመክፈሉ ግን የአምስት ወር ሆኖ 105 ዶላር፣ ወለዱ 113 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ሊቀንሱት የሚችሉት ይህንን ነው፤ የሚቀንሰውም በፍጥነት ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ቼኩ ለምን እንደተመለሰ ከባንክዎ በጽሑፍ ይወቁ

በስልክ መተግበሪያው ላይ «የተመለሰ» የሚል ቃል ማየት አይበቃም። ወደ ባንኩ ይደውሉ ወይም ይሂዱና የተመለሰበትን ምክንያት፣ የተመለሰበትን ቀንና በዚያ ቀን የነበረዎትን ሊወጣ የሚችል ገንዘብ ይጠይቁ። ምክንያቱ ከሚከተሉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም፦ በቂ ገንዘብ አለመኖር፣ የተዘጋ ሒሳብ፣ የታገደ ሒሳብ፣ ክፍያ ይቁም ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝ፣ የጎደለ ፊርማ፣ ወይም የባንኩ የራሱ ስህተት። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው፤ ክፍያውን ከዚያው ሒሳብ መድገም ይቻል እንደሆነ ይነግርዎታል፣ ቅጣቱ እንዲነሳ ለመጠየቅ መሠረት እንዳለዎትም ያሳይዎታል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በሒሳብዎ ላይ የሚታየው ጠቅላላ ቀሪና በእርግጥ ሊወጣ የሚችለው ቀሪ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ተራ ቼክ ወደ ሒሳብዎ ሲያስገቡ ባንኩ በማግስቱ የሥራ ቀን እንዲለቅ በፌዴራል ደንብ በመደበኛነት የሚገደደው ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የመጀመሪያውን 275 ዶላር ነው፤ የቀረውን ለጥቂት ቀናት ይዞ ሊያቆይ ይችላል። በአንድ ቀን ያስገቡት ቼክ ከ6,725 ዶላር ከበለጠ ደግሞ ትርፉን ከዚያም ለረዘመ ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ቤት ሸጠው፣ ወይም ከደንበኛ ትልቅ ቼክ ተቀብለው፣ ያንን ተማምነው ለግብር የጻፉት ቼክ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብዎት ከሆነ ገንዘቡ እንደተያዘ የሚገልጸውን የባንኩን ማስታወቂያ አይጣሉት፤ ደረጃ 6 ላይ ዋናው ማስረጃዎ እሱ ነው።

ሌላም አለ። አይአርኤስ የላኩለትን የወረቀት ቼክ ወደ አንድ ጊዜ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ሊቀይረው ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ቼኩ በደረሰበት ቀን ራሱ ሊወጣ ይችላል፤ ቼኩም ተመልሶ በእጅዎ አይገባም። «ቼኩ እስኪደርስና ባንክ እስኪገባ ሳምንት ይፈጃል፣ እስከዚያ ደመወዜ ይገባል» የሚለው የድሮ ስሌት አሁን አይሠራም።

ባንኩን እያነጋገሩ ሳሉ ቼኩ ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀርብ ይችል እንደሆነም ይጠይቁ። አንድ ጊዜ የተመለሰ ክፍያ ዳግመኛ የሚቀርብበት አጋጣሚ አለ፤ እርስዎ ከፍለው ሳለ ያም ቢያልፍ ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ይህ የሚያስቸግር እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ትርፉ በስምዎ ይያዛል፤ ሌላ ዕዳ ከሌለብዎትም ይመለስልዎታል። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ከሌለዎት ግን ዳግመኛ የቀረበው ቼክ እንደገና ተመልሶ የባንክ ክፍያ እንዳያስከትልብዎት ሁኔታውን ቀድመው ያጣሩ።

የባንኩን ክፍያም አይርሱ። አንዳንድ ባንኮች ለተመለሰ ቼክ ማስከፈል ትተዋል፤ ሌሎች ያስከፍላሉ። ረጅም ጊዜ የቆዩ ደንበኛ ከሆኑና የመጀመሪያዎ ከሆነ በትሕትና ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይተውልዎታል። ሒሳብዎን ከዜሮ በታች ትቶ መጥፋት ግን አይበጅም። ባንኩ ሒሳቡን ዘግቶ ቼክስሲስተምስ ለተባለው መዝጋቢ ካሳወቀ መዝገቡ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ በእነዚያ ዓመታት ሌላ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይቸገራሉ።

ደረጃ 2፦ የግብር ሒሳብዎን ይክፈቱ

በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የግል መለያ ካለዎት ይግቡ፤ ከሌለዎት አሁን ይክፈቱ። መታወቂያ ያስፈልግዎታል። የከፈሉት፣ የተመለሰውና የቀረው ዕዳ በየዓመቱ ተለይቶ ይታያል። ከዚያም የዓመቱን የሒሳብ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የግብር ሒሳብዎን ዝርዝር መዝገብ፣ ያውርዱ። ትራንስክሪፕቱ የኮድ ቁጥሮች ዝርዝር ስለሆነ ሲታይ ያስፈራል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉዎት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። 610 ከግብር መግለጫው ጋር የተላከ ክፍያ ነው፤ 611 ያ ክፍያ መመለሱ ነው። 670 በኋላ የተከፈለ ክፍያ፣ 671 ደግሞ የእሱ መመለስ ነው። 280 ወይም 286 የተመለሰ ክፍያ ቅጣት ነው። 276 ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት፣ 196 ወለድ ነው። 611 ወይም 671 ከታየ አይአርኤስ ቼኩ መመለሱን አውቆ መዝግቦታል ማለት ነው። ገና ካልታየም ግን ድጋሚ ከመክፈል አያግድዎትም።

በዚያው አድራሻዎን ያረጋግጡ። አይአርኤስ ደብዳቤ የሚልከው መዝገቡ ላይ ወዳለው የመጨረሻ አድራሻ ነው። ቤት ቀይረው ካላሳወቁ ቀነ ገደቡ ደብዳቤውን ሳያዩት ያልፋል፤ «አልደረሰኝም» የሚለውም አይረዳዎትም። አድራሻ ማሳወቂያው ፎርም 8822 ነው።

ደረጃ 3፦ ድጋሚ ይክፈሉ፣ በሌላ የግል ቼክ ግን አይሁን

ከዚያው ሒሳብ ሌላ ቼክ ጽፎ መላክ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ፖስታው እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ቢመለስ ሁለተኛ ቅጣት ይከተላል። የተሻሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው።

ለግለሰብ ቀላሉ ዳይሬክት ፔይ የተባለው የአይአርኤስ የራሱ አገልግሎት ነው። ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ይወስዳል፤ ክፍያ የለውም። ሲሞሉ በጥንቃቄ የሚያዩት ሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የግብር ዓመቱ ነው። የ2025 ግብርዎን በ2026 ሲከፍሉ መምረጥ ያለብዎት 2025ን ነው። የሚከፍሉበትን ዓመት የመረጠ ሰው ገንዘቡ ሌላ ዓመት ውስጥ ገብቶ ዕዳው እንዳለ ይጠብቀዋል፤ ይህ ከሚመስለው በላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጠር ስህተት ነው። ሁለተኛው የባንኩ መለያ የሆነው የራውቲንግ ቁጥርና የሒሳብ ቁጥርዎ ናቸው፤ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ክፍያው እንደገና ይመለሳል። የማረጋገጫ ቁጥሩን ያስቀምጡ። ይህ ቁጥር ትእዛዝዎ መመዝገቡን እንጂ ባንክዎ መክፈሉን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ ገንዘቡ በእርግጥ መውጣቱን ከባንክ ሒሳብዎ ይመልከቱ።

በራስዎ ሒሳብ ላይ እምነት ካጡ ወይም ሒሳቡ ከታገደ፣ በአገር ቤት ሲፒኦ እንደምንለው ባንኩ ራሱ ገንዘቡን ቀድሞ ይዞ የሚያወጣውን ካሺየርስ ቼክ ያስወጡ። ወይም ሒሳቡ ካልታገደ በዴቢት ካርድ ይክፈሉ፤ የሚከፈለው ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። በክሬዲት ካርድ መክፈልም ይቻላል፤ ነገር ግን አገናኝ ድርጅቱ ከክፍያው ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ይወስዳል፣ ካርድዎም የራሱን ወለድ ያስከፍላል። የአይአርኤስ ወለድና የዘግይቶ መክፈል ቅጣት በ2024 እና በ2025 ተደምረው በዓመት ከ13 እስከ 14 በመቶ አካባቢ ነበሩ። የብዙ ክሬዲት ካርዶች ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ነው። በወሩ መጨረሻ ሙሉውን የሚዘጉት ካልሆነ በቀር ካርዱን ይተዉት። ብዙ ገንዘብ በአንድ ቀን ማድረስ ግድ ከሆነ ባንክዎ በዚያው ቀን የሚደርስ ሐዋላ ወደ አይአርኤስ ሊልክ ይችላል፤ የሚያስከፍለውን ቀድመው ይጠይቁ።

ስንት ይክፈሉ? ደብዳቤው ገና ካልመጣ ቢያንስ የተመለሰውን ሙሉ የግብር መጠን። ከቻሉ የቼኩን ቅጣትና የሚገምቱትን ወለድ ጨምሩበት፤ ከመጠን በላይ ቢሆን አይጠፋም። ቅጣቱን ልከራከርበት ነው ካሉ ግን ግብሩን ብቻ ከፍለው ቅጣቱን መጠበቅ ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ ሙሉውን መክፈል ካልቻሉ

የቻሉትን ያህል ዛሬውኑ ይክፈሉ፤ ቅጣቱም ወለዱም የሚሰላው በቀረው ላይ ነው። ለቀረው ሁለት ዓይነት ስምምነት አለ። የመጀመሪያው እስከ 180 ቀን የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ዕድል ነው። ግብር፣ ቅጣትና ወለድ ተደምሮ ዕዳዎ ከ100,000 ዶላር በታች ከሆነ በድረ ገጹ ማመልከት ይችላሉ፤ የመመዝገቢያ ክፍያም የለውም። ሁለተኛው በየወሩ የሚከፈል የረጅም ጊዜ ስምምነት ነው። እስከ 50,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ግለሰብ በድረ ገጹ ማመልከት ይችላል፤ በወረቀት ከሆነ ፎርም 9465 ነው። የመመዝገቢያ ክፍያው በድረ ገጽ ከተመዘገቡና ክፍያው በየወሩ ከባንክ ሒሳብዎ በቀጥታ እንዲወሰድ ከፈቀዱ ይቀንሳል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ደግሞ በዚህ መንገድ ሲከፍሉ ይቀርላቸዋል። የግብር መግለጫዎን በጊዜው አስገብተው ከሆነ በስምምነቱ ወራት ዘግይቶ የመክፈል ቅጣቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከ0.5 ወደ 0.25 በመቶ።

የወር ክፍያውን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ሰው ደንግጦ የማይችለውን ቃል ይገባል፤ ሦስተኛው ወር ላይ ክፍያው ይመለሳል፤ ያ ደግሞ አዲስ ቅጣት ከማምጣቱም በላይ ስምምነቱን ያፈርሳል። በየወሩ የሚወሰድበትንም ቀን ደመወዝዎ ከሚገባበት ቀን ጥቂት ቀናት አሳልፈው ይምረጡ።

ደረጃ 5፦ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ

የተመለሰ ክፍያ ቅጣትን የሚያብራራው ደብዳቤ 608ሲ ይባላል። ግብርዎን ሲያስገቡ ከባንክ ሒሳብ እንዲወሰድ ያዘዙት የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ካልተሳካ የሚመጣው ደግሞ ደብዳቤ 4870 ነው። የቀረ ዕዳ ካለ ሲፒ14 የተባለው ማስታወቂያ ይከተላል። ቁጥሩ ከገጹ ጥግ ላይ ይገኛል፤ ለማንም ሲደውሉ ወይም ሲያሳዩ ይህን ቁጥር ይንገሩ።

ሲፒ14 ላይ የተጻፈውን ቀን አጥብቀው ይያዙ። የተጠየቀው ከ100,000 ዶላር በታች ከሆነ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ሙሉውን ከከፈሉ በዚያ ገንዘብ ላይ ተጨማሪ ወለድ አይጣልም። ደብዳቤውን ዝም ካሉት ሲፒ501፣ ሲፒ503፣ ሲፒ504 እየተባለ ቃሉ እየጠነከረ ይሄዳል። የሚያስፈራው ሀብትዎ ሊያዝ መሆኑን የሚገልጸውና ይግባኝ የመጠየቅ መብትዎን የሚነግረው የመጨረሻ ማስታወቂያ ነው፤ እዚያ ላይ የ30 ቀን ጊዜ አለዎት። አንድ የተመለሰ ቼክ እዚህ የሚደርሰው ለወራት ችላ ሲባል ነው።

ደብዳቤው ካልገባዎት በ800-829-1040 ደውለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። አይአርኤስ በስልክ ከ350 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የማስተርጎም አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። የልጅዎን የቤት ሥራ ጊዜ ወስደው ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የወለድ ስሌት ማስተርጎም አያስፈልግም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ደግሞ ከአይአርኤስ ነጻ የሆኑ የግብር ክሊኒኮች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ጉዳይ ይይዛሉ።

ቼክዎ በተመለሰ ሰሞን «ከአይአርኤስ ነው» የሚል ስልክ ቢደወልልዎት ይጠንቀቁ። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የሚያነጋግርዎት አብዛኛውን ጊዜ በፖስታ ነው። በስጦታ ካርድ ክፈል፣ አለዚያ ዛሬ ትታሰራለህ የሚል ማንም ሰው ሌባ ነው። ስልኩን ዘግተው በግብር መለያዎ ውስጥ ዕዳው በእርግጥ መኖሩን ራስዎ ይመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ቅጣቱ እንዲነሳ መጠየቅ

እዚህ ላይ ሦስቱ ሒሳቦች እንደገና ይለያያሉ፤ ለእያንዳንዱ የሚሠራው ክርክር የተለየ ነው።

ለተመለሰ ክፍያ ቅጣቱ ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቼኩን በቅንነት መጻፍዎን፣ እንዲሁም ባንኩ ይከፍላል ብለው ለማመን በቂ ምክንያት የነበረዎት መሆኑን። «ረሳሁት» እና «ገንዘቡ ይበቃል ብዬ ነበር» አይበቁም። የሚያሳምነው ቼኩን በጻፉበት ቀን በቂ ገንዘብ እንደነበረ የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫና ከዚያ በኋላ ከእጅዎ ውጭ የሆነ ነገር መከሰቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ባንኩ የያዘው ገቢ ቼክ፣ በማጭበርበር ምክንያት የታገደ ሒሳብ፣ የባንኩ የራሱ ስህተት። ስህተቱ የባንኩ ከሆነ በባንኩ ወረቀት ላይ የተጻፈና የተፈረመበት ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ቀኑን፣ የቼኩን ቁጥርና መጠን፣ ስህተቱም የእነሱ መሆኑን በግልጽ ይበል። ቅርንጫፉ ካንገራገረ ለዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ስምዎን፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርዎን፣ የግብር ዓመቱንና የደብዳቤውን ቁጥር ከላይ ያስቀምጡ። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ይተርኩ፦ ቼኩን በዚህ ቀን ጻፍኩ፣ በሒሳቤ ይህን ያህል ነበር፣ በዚህ ቀን ይህ ሆነ፣ በዚህ ቀን አወቅኩ፣ በዚህ ቀን ድጋሚ ከፈልኩ። በመጨረሻው ላይ የጠየቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበሉ፤ ይፈርሙ፤ የማስረጃውን ቅጂ ያያይዙ፤ ዋናውን ከእርስዎ ጋር ያቆዩ። ድጋሚ የከፈሉበት ቀን ባወቁበት ቀን ማግስት ከሆነ ቅንነትዎን ከማንኛውም ቃል በላይ ያስረዳል። ደረጃ 3 ከዚህ ደረጃ የሚቀድምበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ደብዳቤው ላይ ወደተጻፈው አድራሻ፣ በፊርማ በሚረከብ ፖስታ ይላኩት። ቅጣቱን አስቀድመው ከፍለውት ከሆነ እንዲመለስልዎ በፎርም 843 ይጠይቁ።

ዘግይቶ የመክፈል ቅጣቱ ላይ ቀላል በር አለ። ባለፉት ሦስት የግብር ዓመታት ተመሳሳይ ቅጣት ካልነበረብዎት፣ የሚጠበቅብዎትን መግለጫ ካስገቡና ግብሩን ከከፈሉ ወይም የክፍያ ስምምነት ካለዎት የመጀመሪያ ጊዜ ምሕረት በስልክ ብቻ መጠየቅ ይችላሉ፤ ማስረጃ አያስፈልገውም። ይህ ምሕረት የተመለሰ ቼክ ቅጣትን አይጨምርም። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ጠይቀው «አይሆንም» ሲባሉ ሁለቱንም የሚተዉ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ስልኩ ላይ ለይተው ይጠይቁ፤ አንዱ ቢከለከል ሌላው ይፈቀድ ይሆናል።

በግብሩ ላይ የተቆጠረው ወለድ በአዘኔታ አይነሳም። ቅጣቱ ሲነሳ በቅጣቱ ላይ የተቆጠረው ወለድ ግን አብሮት ይወርዳል። ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገ ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ መንገዱና ቀነ ገደቡ በመልሱ ደብዳቤ ላይ ይጻፋል። ቼኩ የተመለሰው በአይአርኤስ ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ወስዶ ሒሳብዎን ባዶ አድርጎት ከሆነ፣ ባንኩ ያስከፈለዎትን በፎርም 8546 መጠየቅ ይችላሉ።

ሠራተኛ ላላቸው

የተመለሰው ከሠራተኞች ደመወዝ የተቀነሰ ግብር ክፍያ ከሆነ ጉዳዩ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ጠንከር ያለም ነው። ያ ገንዘብ የሠራተኞቹና የመንግሥት ነው፤ እርስዎ ባለ አደራ ነዎት። ዘግይቶ ገቢ የማድረጉ ቅጣት ከ1 እስከ 5 ቀን 2 በመቶ፣ ከ6 እስከ 15 ቀን 5 በመቶ፣ ከ15 ቀን በላይ 10 በመቶ ነው፤ ከማስታወቂያ በኋላም ካልተከፈለ 15 በመቶ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ፣ ሆን ብሎ ያላስገባ ኃላፊ ድርጅቱ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት ቢኖረውም እንኳ ከሠራተኛው የተቀነሰውን ሙሉ ገንዘብ በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ በባለቤቱ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ የትኛው ሂሳብ ይከፈል የሚለውን የሚወስን ሥራ አስኪያጅንም ሊነካ ይችላል። የምግብ ቤቱ ኪራይና የደመወዝ ግብሩ ተፎካክረው ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግብሩን ያስቀድሙ፤ ከአከራይ ጋር መደራደር ይቻላል። ዕዳው ከአንድ ሩብ ዓመት ያለፈ ከሆነ ብቻዎን አይግቡበት፤ የተመዘገበ የግብር ባለሙያ ወይም ጠበቃ ይያዙ።

ከእንግዲህ ቼክ መጻፍ ካለብዎት

በቼክ መክፈል ዛሬም ይፈቀዳል። ይሁን እንጂ በማርች 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት የወረቀት ቼክ ከመስጠትም ከመቀበልም እንዲወጣ ስለሚል ከአሁኑ ወደ ኤሌክትሮኒክ መንገድ መልመዱ አይከፋም። ከጻፉ ተቀባዩን «ዩናይትድ ስቴትስ ትሬዠሪ» ብለው ይጻፉ፤ በቼኩ ላይ ስምና አድራሻዎን፣ የቀን ስልክ ቁጥርዎን፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርዎን፣ የግብር ዓመቱንና የፎርሙን ቁጥር ያስፍሩ። ከክፍያ ማያያዣው ቅጽ፣ ከፎርም 1040-ቪ፣ ጋር ይላኩ፤ በስቴፕለር አያያይዙት። የገንዘቡን መጠን ከሳንቲሙ ጋር በነጥብ ይለዩ፤ ጭረት አይጠቀሙ። በቁጥርና በፊደል የጻፉት ካልተስማማ በሕጉ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው፤ ስለዚህ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ገንዘቡም ቼኩ በፖስታ ከመግባቱ በፊት ሊወጣ የሚችል ሆኖ በሒሳብዎ ይጠብቅ።

ስለ ክፍለ ግዛትዎ ግብር አንድ ነገር ይቀራል። በአንድ ቀን ሁለት ቼክ ጽፈው፣ አንዱን ለአይአርኤስ ሌላውን ለክፍለ ግዛቱ ልከው ከነበረና የመጀመሪያው ከተመለሰ፣ ሁለተኛውም የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ክፍለ ግዛቱ የራሱ ቅጣት፣ የራሱ ወለድና የራሱ የክፍያ ድረ ገጽ አለው፤ ለአይአርኤስ ያቀረቡት ማመልከቻም ወደዚያ አይተላለፍም። ባንኩን ሲያነጋግሩ ስለ ሁለቱም ቼኮች በአንድ ጊዜ ይጠይቁ። ሁለተኛው ገና ካልቀረበ የሚበቃውን ገንዘብ ዛሬውኑ ያስገቡለት።